የሰባት ሰዓቱ ጀልባ፦ ከጣና ዳር እስከ አክሱም

እናቴ ስለቱን የተሳለችው እኔ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ቪዛ በምጠብቅበት ሰሞን ነው። የልጇ ጉዳይ ከተሳካ፣ ታቦተ ጽዮን በተጓዘችበት መንገድ ከጣና ተነሥታ አክሱም ድረስ ሄዳ ልትሳለም። በአገራችን ትውፊት ታቦቷ ከኢየሩሳሌም እንደ መጣች በቀጥታ አክሱም አልገባችም፤ ጣና ቂርቆስ በተባለው ደሴት ለብዙ መቶ ዓመታት ተቀምጣ ነው ወደዚያ የተሻገረችው። ባሕር ዳር ለተወለደ ሰው ይህ ታሪክ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነው። ቪዛው ተገኘ፣ እኔም ሄድሁ። ስለቱ ግን አሥራ ስድስት ዓመት አደረ። እናቴ ደግሞ የአበደረችውን ትረሳለች እንጂ የተሳለችውን አትረሳም፤ በስልክ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ሁልጊዜ የምታስከትለው ጥያቄ «የጽዮን ነገርስ?» የሚል ነበር።

በመጨረሻ በኅዳር 2012 ዓ.ም. እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄና እናቴ ሆነን መንገድ ጀመርን። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሜሪላንድ ያሉ ወዳጆቼ እናት አባታቸውን ይዘው ለመሄድ ሲያስቡ ይጠይቁኛል፤ ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ሆቴልና ስለ ዋጋ ነው። እኔን የጎዳኝ ግን ዋጋ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ አንዱ በሰዓት፣ ሌላው በቀን ነው። ሁለቱንም የሠራሁት እኔው፣ አማርኛ አፍ የፈታሁት ሴት ነኝ።

የመጀመሪያው ጀልባው ነው። ከመሄዴ ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዘመድ በሰጠኝ ቁጥር ለአንድ ባለ ጀልባ መልእክት ጻፍሁ። «ረቡዕ በ7 ሰዓት ከወደቡ እንነሣለን፤ ጣና ቂርቆስ ደርሰን እንመለሳለን» አልሁት። እሱም «እሺ እህቴ» ብሎ መለሰ። እኔ የጻፍሁት በእጄ ላይ ባለው የአሜሪካ ሰዓት እያሰብሁ ነው፤ ጠዋት ሰባት፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት። አማርኛ እየጻፍሁ በእንግሊዝኛ ሰዓት መቁጠሬን ልብ እንኳ አላልሁትም። ሰው አገሩን ለቆ ሲኖር ቋንቋው ቀርቶ ሰዓቱ ቀድሞ እንደሚለወጥ የገባኝ ያኔ ነው።

ረቡዕ ጠዋት እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጧፏንና ዕጣኗን ይዛ ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ የውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሐይቁ ፀጥ ብሏል፤ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ላይ የተቀመጡ አሣ አጥማጆች በጭጋጉ ውስጥ ጥላ መስለው ያልፋሉ። 2 ሰዓት ሆነ። ደወልሁ፣ አይነሣም። 3 ሰዓት ሆነ። ልጄ ከአሣ አጥማጆቹ ጋር ተዋውቆ ታንኳ ላይ ወጣ፣ ወደቀ፣ ልብሱ ራሰ። እኔ ከአንድም ሦስት ጊዜ «እዚህ አገር ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም» እያልሁ ተማረርሁ። ይህን ማለቴን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል፤ ምክንያቱም ባለ ጀልባው ብቅ ያለው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ልብሱን ለውጦ፣ ጀልባውን አጥቦ ነው። ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድሞ በመምጣቱ ደስ ብሎታል። «እማማ፣ በጊዜ ነው የመጡት!» አለ እናቴን አይቶ።

ሁለታችንም ስልካችንን አወጣን። «7 ሰዓት» ይላል። ጠዋት አይልም፣ ቀን አይልም፣ ምንም አይልም።

ጣና ቂርቆስ ከባሕር ዳር በጀልባ ሰዓታት የሚፈጅ መንገድ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሐይቁ ላይ ነፋስ ይነሣል፤ ማዕበሉ ትንሽ ጀልባን ያንገላታል። ባለ ጀልባው «ደርሰን አንመለስም፤ መሽቶብን ውኃ ላይ ላሳድራችሁ አልችልም» አለ። ትክክል ነበር። እናቴ አልተቆጣችም። «እኔ መግባትም አልጠየቅሁ፤ ደሴቱን በዓይኔ ልየው ነበር ያልሁት» ብላ ዝም አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምለው ይህንን ነው። በጽሑፍ ሰዓት ስትሰጡ ቁጥሩን ብቻውን አትላኩት። «ከጠዋቱ 1 ሰዓት» ወይም «ከቀኑ 7 ሰዓት» በሉ። እንዲያውም እኔ አሁን «ፀሐይ እንደ ወጣች፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ በሐበሻ» እያልሁ እጽፋለሁ፤ ሰዎች ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ከቱሪስት ጋር የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ችግሩ ይብሳል እንጂ አይቀልም። እነሱ ለፈረንጅ በፈረንጅ፣ ለአገር ሰው በአገር ይቆጥራሉ፤ ከአሜሪካ በአማርኛ የምትጽፍ ሴት ከየትኛው ወገን እንደምትመደብ ግን አያውቁም። የአውሮፕላን ቲኬት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር በ24 ሰዓት ነው የሚታተመው። 07:20 የሚል ቲኬት ለእናታችሁ በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ከላካችሁላት፣ ከምሳ በኋላ ተዘጋጅታ እንደምትወጣ እርግጠኛ ሁኑ።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ጉዳይ ከዚህ የባሰ ነው። ቲኬቱ «እሑድ 02:00» ካለ ለእኛ ሰው ያ ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፤ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ እንጂ ሰው ተኝቶ ሳለ አይደለምና። ለዚህ አማርኛው ራሱ መፍትሔ አለው፦ «ለእሑድ አጥቢያ» በሉ። ከእናቴ ጋር በዚህ ቃል ተሳስተን አናውቅም።

አሁን ወደ ባሕር ማዶው ሒሳብ ልግባ። ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ቀድማ ትቆማለች፤ ባሕር ዳርም አክሱምም ያው ነው፤ ሰዓት ወደፊት መግፋት ወደ ኋላ መመለስ የለም። የሚገፋውና የሚመለሰው የእኛ የስደተኞቹ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከኅዳር መባቻ አካባቢ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ድረስ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፣ በተቀረው ጊዜ 7 ሰዓት። በ2012 ዓ.ም. ለውጡ የወደቀው ጥቅምት 23 ላይ ነበር፤ ለባለ ሆቴሉ የሰጠሁት የስልክ ቀጠሮ በዚህ ምክንያት በአንድ ሰዓት ተዛንፏል። ታዲያ 8ቱን መደመር፣ ከዚያ 6ቱን መቀነስ ራስ ያዞራል። እኔ ያገኘሁት አቋራጭ ይህ ነው፦ በእነሱ ብርድ ወራት በዋሽንግተን ሰዓት ላይ 2 ጨምሩ፤ የሐበሻው ሰዓት እሱ ነው። በእነሱ ሙቀት ወራት 1 ጨምሩ። ማታ 8 ሰዓት ላይ ከሜሪላንድ ብደውል በጥር እናቴ ዘንድ ሌሊት 10 ሰዓት ነው፣ በሐምሌ ሌሊት 9 ሰዓት። ድምሩ ከ12 ከበለጠ 12 ቀንሱለት። «ክረምት» በሚለው ቃል ግን አትታለሉ። የእነሱ ብርድ የእኛ በጋ ነው፤ የእኛ ክረምት ሲዘንብ እነሱ በሙቀት ይለበለባሉ። እኔ ለልጄ «በክረምት 2 ጨምር» ብዬው ሐምሌ ላይ አያቱን ከእንቅልፍ ቀስቅሷታል።

ዱባይ ያለችው እህቴ ጣጣዋ ትንሽ ነው፤ እሷ 1 ሰዓት ትቀድማለች። ሪያድ፣ ኩዌትና ዶሃ ከኢትዮጵያ ጋር እኩል ስለሆኑ ልዩነቱ የአቆጣጠሩ 6 ሰዓት ብቻ ነው። ቤይሩትና እስራኤል በሙቀት ወራት እኩል ይሆናሉ፣ በብርድ ወራት 1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ።

ወደ ሐይቁ ልመለስ። ጣና ቂርቆስ ሲቀር ባለ ጀልባው ወደ ዘጌ ወሰደን፤ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዘጌን ብዙ ሰው እንደ ማካካሻ ያየዋል፤ እኔ ግን ባሕር ዳር ደርሶ ዘጌን ሳያይ የተመለሰ ሰው ያሳዝነኛል። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። የአካባቢው ሰው ቡናውን፣ ጌሾውንና ሎሚውን ከአቡነ በትረ ማርያም በረከት ጋር ያያይዘዋል፤ ማረሻ አይገባበትም፤ ጫካው ለዘመናት የቆየው በዚህ ነው። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሞላ ነው። እናቴ ልጄን በላዔ ሰብእ ሥዕል ፊት አቁማ ታሪኩን ነገረችው፦ 78 ሰው የበላ ሰው፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ መዳኑን። ልጄ እንግሊዝኛው ከአማርኛው ይቀናዋል፤ ሆኖም ያን ዕለት አንድም ጊዜ ወደ እኔ ዞሮ ትርጉም አልጠየቀም። ሥዕሉ የተሣለው ለዚሁ አይደል?

ሴቶች ሆነው ለሚሄዱ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ዳጋ የነገሥታት አፅም ያረፈበት ነው፤ ለማየት የሚጓጓ ወንድ ከመካከላችሁ ካለ እሱን ልካችሁ እናንተ ጀልባው ላይ ትጠብቃላችሁ። ደሴቱን ከመምረጣችሁ በፊት ጠይቁ። ጢስ ዓባይን ማየት ለምትፈልጉ ደግሞ ከመስከረም ባይዘገይ ይመረጣል። እኛ የሄድንበት ጊዜ ጾመ ነቢያት የገባበት ስለነበረ የባሕር ዳርን አሣ የበላው ልጄ ብቻ ነው፤ እናቴ ዓይኗን ወደ ሐይቁ መልሳ ሽሮዋን በላች።

ሁለተኛው ስሕተት የተገለጠው የዚያኑ ዕለት ማታ ነው። የአክሱም ጽዮን በዓል ኅዳር 21 ነው። እኔ ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 30 እንደሆነ በየቦታው አንብቤያለሁ፤ በዚያ መሠረት ዓርብ አክሱም ገብተን፣ ቅዳሜ በዓሉን አክብረን፣ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እንድንመለስ ቲኬት ቆርጫለሁ። እናቴ ፕሮግራሙን ስነግራት ፊቷን አጨማደደች። «ቅዳሜ ኅዳር 20 አይደለም እንዴ? ጽዮን እሑድ ናት» አለች። እኔ ስልኬን አሳየኋት። እሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ አሳየችኝ። ዘመኑ ዮሐንስ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜን 6 ትሆናለች፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይውላል። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። ኅዳር 21 ዲሴምበር 1 ይሆናል፤ ጥምቀትም ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሸጋገራል። ገና ብቻ አይነቃነቅም፤ ምክንያቱም በዮሐንስ ዓመት ታኅሣሥ 28 ላይ ስለሚከበር ጃንዋሪ 7 እንደሆነ ይቀራል። ይህ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ በ2012 ነበር፣ በ2016 ነበር፣ በ2020ም ይሆናል። ለበዓል ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የዘመኑን ወንጌላዊ እወቁ። እናንተ ባታውቁት እናታችሁ ታውቀዋለች፤ መጠየቅ ብቻ ነው።

ቲኬቱን ወደ ሰኞ ለማዛወር ቅጣት ከፈልሁ። የሆቴሉ ክፍል ግን ለቅዳሜ ሌሊት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር፤ ከተማው በምእመን ተሞልቶ ሌላ ክፍል አልተገኘም። ለሁለት ቀን ስጨነቅበት የቆየሁት ይህ ጉዳይ በራሱ ተፈታ፤ ለካ ለጽዮን ዋዜማ የሚተኛ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ነጭ የለበሰ ሕዝብ በቅጥሩ ዙሪያ ተቀምጦ፣ ቆሞ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ያድራል። ከውስጥ ማኅሌቱ ይሰማል፤ ከበሮው ቀስ ብሎ ይጀምርና ወደ ንጋት ሲቃረብ ይፈጥናል። ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ አክሱም ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከባሕር ዳር ይልቅ ሌሊቷ ይቆነጥጣል። ለወላጅ ወፍራም ጋቢ፣ ለልጅ ካፖርት ያዙ።

አጼ ፋሲለደስ ያሠሩት አሮጌው የጽዮን ቤተ ክርስቲያን ሴት አያስገባም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሠሩት አዲሱ ሰፊው ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በሁለቱ መካከል ታቦቷ ያለችበት ቤት አለ፤ ከጠባቂው መነኩሴ በቀር የሚገባ የለም። እናቴ ከአጥሩ ውጭ ቆማ ግንባሯን ወደዚያ አድርጋ ሰገደች። ሦስት ጊዜ ስትሰግድ ቆጠርሁ፤ ከዚያ በኋላ መቁጠሩን ተውሁት።

ሐውልቶቹ ከዚያው በእግር ጥቂት ደቂቃ ናቸው። ልጄ ከሁሉ የወደደው የወደቀውን ነው፤ 33 ሜትር ርዝመት ያለው ትልቁ ሐውልት መሬት ላይ ተሰባብሮ እንደ ተኛ ነው ያለው። «ማን ጣለው?» ብሎ ጠየቀ። ሲተክሉት ሳይወድቅ አልቀረም የሚለውን የሊቃውንት ግምት ነገርሁት። የቆመው ባለ 24 ሜትሩ ግን የተለየ ታሪክ አለው። የሙሶሊኒ ጦር እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ወሰደው፤ ጣሊያን ከጦርነቱ በኋላ በ1947 በፈረመችው ውል ልትመልሰው ቃል ገባች፤ የተመለሰው ግን በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ነው። በቦታው ተተክሎ የተመረቀው በነሐሴ 2000 ዓ.ም. ነበር። እናቴ ይህን ስትሰማ «አየሽ፣ እሱም ስለቱ ዘግይቷል» አለች። ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ ጎጆ ውስጥ የንጉሥ ኢዛና የድንጋይ ጽሑፍ አለ፤ በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ የተጻፈ። ከአማርኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የሚያለቅሰው ልጄ ጣቱን ሳያስነካ ፊደል በፊደል ሲፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጀ።

አንድ ነገር ደግሞ እሱ ነው ያስተዋለው። በየቀኑ የፀሐይ መጥለቂያ ፎቶ ያነሣ ነበርና፣ ባሕር ዳር ላይ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፣ አክሱም ላይ ግን 12 ሳይሞላ። አሥር ደቂቃ ያህል ልዩነት አለ። «አንድ የሰዓት ቀጠና ነው አላልሽም?» አለኝ። ነው። ግን አክሱም ከባሕር ዳር በምሥራቅ በኩል ናት፤ የኬንትሮስ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል፤ ያ 5 ደቂቃ ይሆናል። የቀረውን የምታመጣው ወደ ሰሜን መራቋ ነው፤ በኅዳር ቀኑ እዚያ አጠር ይላል። የሚገርመው ጠዋት ላይ እነዚህ ሁለቱ ስለሚካካሱ ፀሐይ በሁለቱም ከተሞች በአንድ ጊዜ ትወጣለች ማለት ይቻላል። በሰኔ ደግሞ ይገለበጣል፤ ማታው ይቀራረብና ጠዋቱ ይለያያል። የአገሪቱ ሰዓት የተመሠረተበት 45ኛው ዲግሪ በሶማሌ ክልል በኩል ስለሚያልፍ፣ በሁለቱም ከተሞች ጥላ የሚያጥረው ልክ በ6 ሰዓት ሳይሆን ካለፈ በኋላ ነው። ጥላን በጫማ እየለኩ ጾም የሚፈቱ የድሮ ካህናት ይህን ሁሉ ያለ ስልክ ያውቁት ነበር።

ይህን መንገድ የሄድነው ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ከመጀመሩ አንድ ዓመት በፊት ነው። አክሱም በዚያው ኅዳር የንጹሐን ደም ፈሰሰባት፤ በኋላም በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት መጣ። ስለዚህ ስለ መንገድና ስለ በረራ እኔ የዚያን ጊዜውን ብነግራችሁ አይጠቅማችሁም። ዛሬ እዚያ ያለ፣ ትናንት መንገዱን የሄደ ሰው ጠይቁ፤ ዘመድ «ሰላም ነው» ቢላችሁም ሦስት ሰው ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ የእኛ ሰው እንግዳ እንዳይቀርበት ሲል ክፉውን ይሸፍናልና።

ጣና ቂርቆስ እንደ ቀረ ቀርቷል። እናቴ ስለቱን ግማሹን ብቻ እንደ ከፈለች ነው የምትቆጥረው። ኅዳር በገባ ቁጥር ትደውልልኛለች፤ ለእኔ ሌሊት ይሁን ቀን አታጣራም።

«ጀልባው በስንት ሰዓት ነው?» ትለኛለች።

«ከጠዋቱ በ12 ሰዓት ነው፣ እማዬ።»

«በማን?»